የግቢው ስልክ

እትዬ ቀስ ከሥራ የተባረሩት አርግዘዋል፣ ቁማርተኛ ናቸው፣ መርሳት ጀምረዋል፣ ባላቸውንም ሊፈቱ ነው ተብለው ነው። ይህ ሁሉ የተባለው ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት በቀራቸው፣ ባላቸውን ከቀበሩ ዘመን ባለፋቸው ሴት ላይ ነው። በሕይወታቸው ሎተሪ እንኳ ቆርጠው አያውቁም። መርሳቱንማ ተዉት፤ ድሮ የተዋስኳቸውን ጃንጥላ ዛሬም ድረስ ይጠይቁኛል።

እኔ ረዳታቸው ነበርኩ። እሳቸው የትምህርት ቤት ሰርቪስ ይነዳሉ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ሕፃናቱን አስቀምጣለሁ፣ ቀበቶ አስራለሁ፣ አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ በር እከፍታለሁ። «ቀስ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ልጆቹ ናቸው። መኪናው ሲነሳ «ቀስ»፣ ሲቆም «ቀስ»፣ ልጅ ሲወርድ «ቀስ»። ሰው ሲናገሩ ግን ቀስ የሚባል ነገር አያውቁም። ቀይ መብራት የጣሰ ባለመኪና ካዩ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ዘር ማንዘሩን እየጠሩ ይሰድቡታል። ከዚያ መስኮቱን ይዘጉና «ልጆች፣ ይህን አልሰማችሁም» ይላሉ። ልጆቹም በአንድ ድምፅ «አልሰማንም» ይላሉ።

በዚያ ሁሉ ዘመን የአንድ ልጅ ግንባር አላስመቱም። ጠዋት ጠዋት በር ላይ የሚጠብቁ እናቶች ታርጋ አያዩም፤ የእሳቸውን ፊት በመስታወቱ ሲያዩ ነው የልጃቸውን እጅ የሚለቁት። አንዷ እናት ከሥራ ሰዓቷ ጋር እየተሟሟተች ልጇን ገና መኪናው ሳይቆም ወደ እኔ ስትገፋው፣ እትዬ ቀስ ሞተሩን አጥፍተው ወርደው «ልጅ ነው የሰጠሽኝ ወይስ ጥቅል ጎመን?» ብለዋታል። ከዚያ ወዲህ ያቺ ሴት ቀድማን ነው የምትደርሰው።

ስልኩን የሰጣቸው የሰርቪስ ኩባንያው ነው። ለሹፌሮቹ ሁሉ ስማርት ስልክ አደለ፤ መንገድ የሚያሳይ፣ ልጆቹ መድረሳቸውን ለወላጅ የሚናገር አፕ ተጭኖበታል፤ የኢንተርኔቱንም ወጪ ኩባንያው ይችላል። ስልኩን ያስረከባቸው ወጣት በመስታወቱ ላይ ጽሑፍ ሲያንደረድር አይተው «ምን ይላል?» አሉት። «ምንም አይልም እማማ፣ ሁሉም የሚያልፈው ነው» ብሎ «እስማማለሁ» የሚለውን በራሱ አውራ ጣት ተጫነላቸው። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ለእኔም ምንም አልመሰለኝም።

እትዬ ቀስ የሚኖሩበት ግቢ አንድ ረጅም ቤት ነው፤ በግድግዳ ተከፋፍሎ ለየቤተሰቡ የተከራየ። አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ። ስለዚህ ስልኩም አንድ መሆኑ ማንንም አልገረመም። የሌላው ሰው ስልክ ወይ በቁልፍ የሚነካካ የድሮ ቀፎ ነው፣ ወይ መስታወቱ ተሰነጣጥቋል፣ ወይ ካርድ የለውም። የእሳቸው ግን ካርድ አይበላም። ከሥራ ሲመለሱ መስኮታቸው ደፍ ላይ ያስቀምጡታል፤ የፈለገ አንኳኩቶ «እትዬ፣ ስልኳን» ይላል። «ለምንህ?» ብሎ ጥያቄ የለም። እንዲያውም ስልኩን ሲሰጡ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ድስት ያማስላሉ፣ አልጋ ያነጥፋሉ። የጨረሰውም ስልኩን በግንባሩ ደፍቶ ይመልሳል። ይህን ደንብ ማንም አላወጀውም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ሰው የሆዱን ኢንተርኔት ላይ ሲጠይቅ አጠገቡ ቆሞ ማየት ነውር ነው።

እኔ ያኔ የዚያ ግቢ ሰው አልነበርኩም። ግን መኪናው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ልጆች እስኪወጡ ስንጠብቅ፣ ስልኩን ከእጃቸው እወስድና ወደ ኋላ ወንበር እሄዳለሁ። እሳቸውም የኋላ ማሳያ መስታወቱን ወደ ጣሪያው ያዞሩታል።

አንድ ጠዋት መኪናችን ውስጥ ሌላ ሹፌር ተቀምጦ አገኘን። የስምሪት ኃላፊው ደረጃው ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል።

«እማማ፣ ውልዎ አልታደሰም» አለ።

«ለምን?»

«ሲስተሙ አልተቀበለዎትም።»

«ሲስተም ማነው? ጥራልኝና ላነጋግረው።»

«ሰው አይደለም እማማ። ኩባንያው አሁን የሹፌሮችን የታማኝነት ነጥብ ከሌላ ድርጅት ይገዛል። የእርስዎ ቀይ ሆነ።»

«ቀይ ማለት?»

ኃላፊው እኔን አየኝ፣ እኔ ምን ላድርገው? «ልጅ አይሰጣቸውም ማለት ነው» አለ።

እትዬ ቀስ ሰውዬውን አልሰደቡትም። ይህን ስላልጠበቅሁ ነው የደነገጥኩት። ቦርሳቸውን አንስተው በእግራቸው መሄድ ጀመሩ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ሌላ የሰርቪስ ድርጅት ጠየቅን፤ ቀዩ ቀድሞን ደርሷል። ሦስተኛው ጋም እንደዚያው። አንዱ ቤት «ሲስተማችን ዛሬ አይሠራም፣ ነገ ይምጡ» ሲለን ደስ አለን፤ በማግስቱ ሲሠራ እኛኑ አባረረን። ሹፌርነቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ መኪና አይጠፋም። ያቺ «ልጅ አይሰጣቸውም» የምትለዋ ግን አንጀታቸው ውስጥ ገብታ ቀረች። መሪያቸውን ሊያስመልሱ፣ ያቺንም ቃል ሊያስውጡ ቆርጠው ተነሱ።

የሰውን የግል መረጃ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት አለ፤ ሕግም አለው። ሄድን። ጉዳያችንን የያዘው መርማሪ ጨዋ ሰው ነው፤ ይህን መካድ አልችልም። እትዬ ቀስ ደግሞ ጨዋ ሰው ሲገጥማቸው የሚሰድቡት ስለሚያጡ ይብሱን ይናደዳሉ። ሰውዬው ለኩባንያው ጻፈ፣ ነጥቡን ለሚሸጠው ድርጅት ጻፈ፣ ቀጠሮ ሰጠን። በቀጠሮው ቀን የሁለቱም ጠበቃ ነኝ ያለች ወጣት ሴት መጣች። መርማሪው የኮምፒውተሩን ፊት ወደ እኛ አዞረና ነጥብ ሻጩ ድርጅት በስልኩ ከተጠየቀው ሰብስቦ ስለ እትዬ ቀስ የሚያውቀውን አነበበ።

«እርግዝና» አለ፤ ቀና ብሎ አያቸውና ይቅርታ የሚጠይቅ መሰለ። «ውርርድ፣ በተደጋጋሚ። የመርሳት በሽታ ምልክቶች። ፍቺና የልጅ አሳዳጊነት።»

የመጨረሻው የኔ ነው።

ባሌ የዚያው የሰርቪስ ኩባንያ መካኒክ ነበር። ያደርገኝ የነበረውን ዘርዝሬ ነገሬን አላስረዝምም፤ እጁ ከባድ ነበር፣ ይበቃል። «ሴት ባሏን ስትፈታ ልጇን ይዛ መውጣት ትችላለች ወይ?» ብዬ የጠየቅሁት ያንን ስልክ ነው። እናቴን አልጠየቅሁም። ለእናቴ ያልነገርኩትን አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ጮክ ብሎ አነበበው፤ ባሌ የሚሠራበት ኩባንያ ጠበቃ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣ እስክሪብቶዋን ታሽከረክራለች። እትዬ ቀስ ዞር ብለው አላዩኝም። አይተውኝ ቢሆን ኖሮ ያቺ ጠበቃ በአንድ ጊዜ ትነቃብን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስቀድም። ከዚህ በኋላ በያጅ፣ ፀጉር ሠሪ፣ ጡረተኛ መምህር የምላቸው ሰዎች በያጅም፣ ፀጉር ሠሪም፣ መምህርም አይደሉም። ሥራቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ የአንዳንዶቹንማ ወንድና ሴትነታቸውን ሳይቀር ቀይሬዋለሁ። ራሳቸው ቢያነቡት ራሳቸውን አያገኙትም። ሳይቀየር የቀረው የእትዬ ቀስና የኔ ብቻ ነው። ይህን ለማድረግ አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ፤ ያ ሁሉ ኮምፒውተር ያለው ድርጅት ይህን ያህል እንኳ አላሰበልንም።

«ስልኩ የኔ ነው፤ የሚጠይቀው ግን ግቢው ነው» አሉ እትዬ ቀስ።

ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አቆመች። «እንደዚያ ከሆነ ቀላል ነው» አለች። «የቱ የማን እንደሆነ በስም ይግለጹ፤ ሰዎቹም መጥተው የእኛ ነው ብለው ይፈርሙ። በዚያው ቀን እናርመዋለን።»

መርማሪው ራሱን ነቀነቀ። «ሕጉ ስህተት የማሳረም መብት ይሰጥዎታል። ግን የእርስዎ አይደለም የሚባለው የማን እንደሆነ ካልታወቀ፣ ስህተት መሆኑ በምን ይረጋገጣል?»

«ስለዚህ የኔን ስም ላጥብ ብዬ የሰው ስም ላቆሽሽ ነው?»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«አላልክም ልጄ፤ የምታደርገው ግን እሱን ነው።»

ምስክር እንድናመጣ ሌላ ቀጠሮ ተሰጠን። ግቢው ስንደርስ ሰዉ ከበበን። እኔ የተነበበውን አልተናገርኩም፤ «በስልኩ የተጠየቀ ነገር በእትዬ ላይ ተቆጥሯል፤ የጠየቀው ሰው ቀርቦ ከፈረመ ይነሳላቸዋል» አልኩ፣ ይኸው ነው። ማንም ማንንም አላየም። ሁሉም ወደየቤቱ ገባ።

ከዚያ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ መምህሩ፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ አቋቋማቸው ሁሉ ክፍል ሊገቡ ይመስል። «እመቤት፣ ከዚያ ውስጥ አንዱ...» ማለት ሲጀምሩ እትዬ ቀስ ካፋቸው ነጥቀው «መምህር፣ ድስቴ ሊያርብኝ ነው፣ ይቅርታ» ብለው ዘጉባቸው። ድስቱ ምድጃ ላይ እንኳ አልተጣደም። በያጁ ሲመጣ ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉት፤ ምስኪኑ ሰውዬ ሲጮህ፣ እሳቸው ጆሯቸውን እያሳዩ ሲስቁ፣ ተስፋ ቆርጦ ተመለሰ። ፀጉር ሠሪዋ እያለቀሰች መጣች። «እትዬ፣ ልናገረው፤ እኔ በሠራሁት እርስዎ...» አለች። አቅፈው እስከ በሯ አደረሷትና «አልሰማሁም» አሏት፣ ልክ መኪናው ውስጥ ልጆቹን እንደሚያስብሉት።

እኔ የመጨረሻዋ ነበርኩ። «እትዬ፣ የፍቺው...»

«ያንቺን ካላወቅሁማ ምኑን አብሬሽ ዋልኩት? ዝም በይ።»

«ልፈርም እንጂ! በኔ ምክንያት እንጀራዎን ሊያጡ?»

«ያቺ ጠበቃ ወረቀቱን ይዛ ስትወጣ ጋራዡ ጋ ለመድረስ ስንት እርምጃ ነው? ባልሽ ከሷ ሊሰማው ነው። የምትወጪ ከሆነ ራስሽ በመረጥሽው ቀን፣ ልጅሽን ይዘሽ ትወጫለሽ። እነሱ በቀጠሩልሽ ቀን አትወጪም።»

አለቀስኩ። አልቅሼም አልበቃኝ፣ ተናደድኩባቸው። ሰው በራሱ ላይ እንዲህ አይጨክንም አልኳቸው።

«የጨከኑት እነሱ ናቸው» አሉኝ። «እኔ እልከኛ ነኝ። ለይተሽ ያዥው።»

በሁለተኛው ቀጠሮ ክፍሉ ውስጥ ያው እኛው ነበርን። መርማሪው ከኋላችን ምስክር ይኖር እንደሆነ በሩን አየ። ማንም የለም።

«እሺ እማማ፣ ከተነበበው ውስጥ የእርስዎ ያልሆነው የቱ ነው?»

«ሁሉም የኔ ነው» አሉ እትዬ ቀስ።

ጠበቃዋ ከወረቀቷ ቀና አለች። «እርግዝናውም?»

«ምነው፣ ቀናሽ?»

«ውርርዱም?»

«ሳምንቱን ሙሉ ነው የምወራረደው።»

«የመርሳት በሽታውስ?»

«እሱን ጠይቄ እንደሆነ ረሳሁት።»

መርማሪው ሳቁን በሳል ሸፈነ። እኔ አልሳቅሁም፤ የሚቀጥለው የኔ ነበር።

«ፍቺውስ? ባለቤትዎ በሕይወት የሉም።»

እትዬ ቀስ ወንበራቸውን ወደ ልጅቷ አዞሩ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል፤ ዝቅ ሲል ነው የምፈራቸው። «ሴት ልጅ ለመፍታት ሕግ ካለ፣ ስለ ሕጉ መጠየቅ ጥፋት ነው? ዛሬ ያገባሽ እንደሆነ፣ ነገ የምትጠይቂበት ስልክ አያሳጣሽ። አሁን እኔ ልጠይቅሽ። እርጉዝ ሆኜ፣ ተወራራጅ ሆኜ፣ ዘንጊ ሆኜ፣ ባሌን ልፈታ ተነስቼ፣ በነዳሁበት ዘመን ሁሉ የቱን ልጅ ጎዳሁ? እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ፈልጊልኝ።»

«ነጥቡ ስለ አነዳድዎ አይደለም» አለች።

«ሹፌር አይደለሁም እንዴ? ስለ አነዳዴ ካልሆነ ስለ ምኔ ነው?»

ጠበቃዋ ወደ መርማሪው ዞረች። መርማሪው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። መረጃው የእርስዎ ነው ካሉ ስህተት የለም፣ ስህተት ከሌለ የሚታረም የለም አለ። ስልኩን ሲረከቡ ተስማምተዋል አለ። እትዬ ቀስ «የተጫነው የነሱ ልጅ ነው» ቢሉት «እርስዎ ባሉበት ነው» አላቸው። ነጥቡም የድርጅቱ ግምት ነው፤ ሕጉ ከሰው የተወሰደውን ይጠብቃል፣ ስለ ሰው የተገመተውን እንዴት እንደሚነካ አላወቀበትም። ጉዳት ደረሰብኝ ቢሉ፣ ኩባንያው አላባረርኳቸውም፣ ውል አላደስኩም ይላል። ድርጅቱን ቢይዙት፣ እኔ ቁጥር ሸጥኩ እንጂ ማንንም ከሥራ አላስወጣሁም ይላል። ይህን ሁሉ ሲዘረዝር ፊቱ ላይ ምንም ደስታ አልነበረም።

«ይህ ሕግ የሚሠራለት ሰው ምን ዓይነት ነው?» ብለው ጠየቁት።

ትንሽ አሰበ። «ብቻውን የሚኖር። በራሱ ስልክ የራሱን ብቻ የሚጠይቅ። ሁሉን አንብቦ የሚስማማ። የጎዳውን በጣቱ የሚያሳይ።»

«እንዲህ ያለ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለ። መዝገቡንም ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ቀስ አሸዋ የሚያመላልስ ገልባጭ ነው የሚነዱት። የመኪናው ባለቤት ስለ ነጥብ ሰምቶ አያውቅም። «በዚያ በር በኋላ ማርሽ አስገቢልኝ» አላቸው፣ አስገቡለት፣ በዚያው ቀን ቁልፉን ሰጣቸው። አሸዋ አያለቅስም፣ አፍንጫውም አይጠረግም ይላሉ። ልጆቹ ይናፍቋቸዋል ግን፤ የትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት ሲደርስ ይነጫነጫሉ። እኔም ከባሌ ቤት ራሴ በመረጥኩት ቀን፣ እሱ ጋራዥ እያለ፣ በጠራራ ፀሐይ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ዕቃዬን የጫኑልኝ እሳቸው ናቸው፣ በዚያው ገልባጭ፤ ፍራሼ ውስጥ አሁንም አሸዋ አለ። ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል ተለቅቆ ነበርና ገባሁበት። ስለዚህ ይህን የኔን ነገር አሁን አፌን ሞልቼ ልናገረው እችላለሁ። የሌሎቹን ግን አልችልም፣ አላደርገውምም።

እትዬ ቀስ ነገሩን አልተዉትም። ሲጭኑም ሲያራግፉም ሲያብሰለስሉት ከርመው፣ አንድ እሑድ ልብስ ማስጫው ሥር ሰዉን ሰበሰቡ። «ማንም የራሱን አይናገርም» አሉ። «ሁላችንም እንሄዳለን፤ የጠየቀም ያልጠየቀም። ሁላችን ከሄድን የቱ የማን እንደሆነ እግዜር ብቻ ይወቀው።» አከራያችን ያንን ስልክ በጣታቸው ነክተውት አያውቁም፤ ቀድመው የተነሱት ግን እሳቸው ናቸው። «ሳልጠይቅስ ምን ብለው እንደሚገምቱኝ በምን አውቃለሁ?» አሉ።

ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤቱ ሲከፈት ኮሪደሩን ሞላነው። መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛ ቅጹን አውጥታ «የከሳሽ ስም?» አለች።

«የግቢው ሰው» አሉ እትዬ ቀስ።

«የአንድ ሰው ስም ነው የሚጻፈው እማማ።»

«ስልኩ የአንድ ሰው አልነበረም።»

ልጅቷ ቅጹን አገላብጣ አየች፤ ሌላ ቦታ የለውም። ድምፅ ሲበዛ መርማሪው ከቢሮው ወጣ። እትዬ ቀስን አየ፣ ከኋላቸው እኛን አየ፤ በያጁ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው፣ መምህሩ ኮታቸውን ቆልፈዋል፣ ፀጉር ሠሪዋ ሆዷ ገፍቶ ግድግዳውን ተደግፋለች። እነሱ እነማን እንደሆኑ ከዚህ በላይ አይጠየቅ።

«የቱ የማን ነው?» አለ፤ ልማድ ሆኖበት መሰለኝ።

«አንነግርህም። የጠየቅነው እኛ፣ የተሸጥነው እኛ፣ የተጎዳነው እኛ። በእኛ ስም ጻፍልን።»

«እማማ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሕጉ እንዲህ ያለ ከሳሽ አያውቅም።»

እትዬ ቀስ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጠጋ ብለው ለፀጉር ሠሪዋ ቦታ ለቀቁ፣ ለመምህሩም፤ ሌሎቻችን ወለሉ ላይ ተቀመጥን።

«እንግዲያው እዚህ ነን» አሉት፤ «ይምጣና ይተዋወቀን።»